ቁጥር አይመሰገንም

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ጡረታ ለመውጣት ገና ብዙ ይቀረኛል። ነገር ግን አንድ ሥራ ጀምሬ ጨርሼ፣ ከዚያ ወጥቼ ሌላ ይዣለሁ። ያለቀ ሥራ ደግሞ ሠሪው ወጣት ቢሆንም ትዝታ ነው።

አሁን በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ፣ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ባለ ትንሽ የሙያ ትምህርት ቤት፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከቡ ሠራተኞችን አስተምራለሁ። በቅርቡ ስለ ደም ግፊት አለካክ ሳስረዳ፣ «ከመለካታችሁ በፊት ታካሚውም እናንተም አምስት ደቂቃ ዝም ትላላችሁ» አልኩ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ፣ «ቲቸር፣ አምስት ደቂቃ ዝም የሚል ሐበሻ ከየት እናመጣለን?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። አንድ ሰው ግን አውቅ ነበር። የእሳቸውን ነገር በክፍል ሰዓት ተናግሬ መጨረስ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው።

የመጀመሪያ ሥራዬ እንግልውድ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ ነበር። የኢንሹራንስ ካርድ ኮፒ አደርግ ነበር፤ ደሞዙ ኪራይ ከፍሎ ለአስቤዛ ይተርፋል። አለቃዬ ደግ ሴት ነበረች፤ ከ«ጉድ ሞርኒንግ» አልፈን ግን አውርተን አናውቅም። ማታ ማታ አልትራሳውንድ ተምሬ ጨረስኩና ኦሮራ ውስጥ የደም ሥር እርጅናን በሚያጠና ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ።

የላቦራቶሪው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ሁለት ሰዎች እኩል ዕድሜ እያላቸው የአንዱ የደም ቧንቧ የጎልማሳ፣ የሌላው የሽማግሌ የሚሆነው ለምንድን ነው? ልብ ከመታመሙ በፊት ምልክት የሚሰጠውስ የትኛው ነገር ነው? የአትክልት ማጠጫ ጎማ አስቡ። አዲስ ሳለ ውሃ ሲገፋው ለጠጥ ይላል። ጥቂት ዓመት የኮሎራዶ ፀሐይ ላይ ከከረመ ይደርቃል፤ ውሃ ሲለቀቅበት ይንዘፈዘፋል እንጂ አይለጠጥም። የእኛም ቧንቧ እንዲሁ ነው። ልብ በመታች ቁጥር አንድ ግፊት እንደ ማዕበል በቧንቧው ላይ ይሮጣል። ለስላሳ ቧንቧ ላይ ቀስ ይላል፣ ደረቅ ቧንቧ ላይ ይፈጥናል። አንገት ላይና ታፋ ላይ መሣሪያ አስቀምጠን ያንን ፍጥነት እንለካለን። መፍጠን የማያስደስትበት ቦታ ይሄ ነው።

እኔ ይበልጥ የምሠራው ሁለተኛውን ምርመራ ነበር። ተሳታፊው በጀርባው ይተኛል። የክንዱን ደም ቅዳ በአልትራሳውንድ እያየሁ ከክርኑ በታች ማሰሪያ አስርና በአየር እሞላዋለሁ፤ ደሙ ለአምስት ደቂቃ ይቆማል። ማሰሪያው ሲለቀቅ ደሙ በሩጫ ይመለሳል። ጤነኛ ቧንቧ ይህን ጊዜ ራሱን ሰፋ አድርጎ ይቀበለዋል። ያረጀ ወይም የታመመ ቧንቧ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫው እንደማይነሳ ሰው ነው። የሚሰፋው በጣም ትንሽ ስለሆነ በእጄ የያዝኩት መሣሪያ የፀጉር ያህል ቢንሸራተት ምርመራው ይበላሻል። ስለዚህ ክፍሉ መስኮት የለውም፣ መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ማንም አይናገርም። ሳቅም፣ ንዴትም፣ ወሬም ቧንቧውን ይለውጠዋል።

ቀኑን ሙሉ ከሰው ጎን ተቀምጬ፣ የሰው ክንድ ይዤ፣ ሳልናገር እውል ነበር። ማታ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ወዳለችው ባለ አንድ ክፍል ቤቴ ገብቼ እናቴ ስትደውል፣ የመጀመሪያው «ሄሎ» ጎርንኖ ይወጣል። «ጉንፋን ይዞሻል?» ትለኛለች። «አይ፣ ሳልናገር ውዬ ነው» ለማለት ስለሚከብደኝ «ትንሽ» እላለሁ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ዶሎረስ ናት። ፓርክ ሂል በሚባለው የዴንቨር ሰፈር ተወልዳ እዚያው ያረጀች ሴት ናት። በአማርኛ ስጽፋት አንቱ ልላት በተገባ፤ ነገር ግን አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስሟን ብቻ ስጠራት ስለኖርኩ፣ አሁን አንቱ ብላት ሌላ ሰው ትሆንብኛለች። ክንድ ላይ የሚቀባውን የአልትራሳውንድ ጄል ከነጠርሙሱ ሙቅ ውሃ በያዘ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ታቆያለች፤ ቀዝቃዛ ጄል ሰውን ያስደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ቧንቧው ይጠባል። እጇን ሳታሞቅ ማንንም አትነካም። ስታናግራቸው ሁልጊዜ ከአልጋው ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ የተኛ ሰው ወደ ላይ ቀና ብሎ እንዲያያት አትፈልግም።

ከሁሉ ይበልጥ ያጠበቀችብኝ ሌላ ነገር ነው። ገና ስለማመድ አንዲት ሴት ለክቼ «በጣም ጥሩ ነው!» አልኳት። ዶሎረስ ኮሪደር ላይ ወሰደችኝ።

«ቁጥሩን አመሰገንሽው» አለችኝ።

«ጥሩ ነበር እኮ።»

«በሚቀጥለው ጊዜ ያቺ ሴት የምትመጣው ልትለካ አይደለም፣ ልታስደስትሽ ነው። ያልሮጠችውን ሮጥኩ፣ የጠጣችውን አልጠጣሁም ትልሻለች። ቁጥር አይመሰገንም ማርታ። ሰውየውን ስለመጣ አመስግኚው፣ በቃ።»

ጋሽ ወርቅነህ የመጡት ሥራውን በደንብ ከያዝኩ በኋላ ነው። ሃቫና ላይ በአንድ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ የለጠፍኩትን የጥናት ተሳታፊ መፈለጊያ ማስታወቂያ አይተው ደወሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በኤርፖርቱ የፓርኪንግ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ሰብለ ዘንድ፣ በኦሮራ ምሥራቅ ጫፍ በተሠሩት አዳዲስ ቤቶች በአንዱ ይኖራሉ። ሰብለ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ባሏም ልጆቿም ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ። ጋሽ ወርቅነህ ለምርመራው የመጡት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው ነው።

«ጋሼ፣ ኮትዎን ማውለቅ አለብን። ክንድዎን ነው የምፈልገው።»

«ክንዴን ብቻ ከሆነ ክራባቱን በከንቱ አሰርኩታ።»

«ከእርስዎ የሚጠበቀው ተኝቶ ዝም ማለት ብቻ ነው።»

«ዝም ማለቱንማ ቤቴም እሠራው ነበር» አሉ፤ ተኙ።

የስምምነቱን ወረቀት በአማርኛ እየመለስኩ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ማስረዳት ስለምወድ ከተጻፈው በላይ አስረዳሁ። በየቀኑ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት፣ ቧንቧ ያለሰልስ እንደሆነ የምንፈትሸው ዱቄት አለ፤ ለግማሹ ተሳታፊ እውነተኛ፣ ለግማሹ ባዶ ነው፣ ማን የትኛውን እንደሚወስድ እኛም አናውቅም። በወር አንድ ጊዜ ይለካሉ። የግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ከጥናቱ ይወጣል። «ኪኒኑ ራሱ ቧንቧውን ስለሚለውጥ የዱቄቱን ሥራ ከኪኒኑ ሥራ መለየት ያቅተናል» አልኳቸው። «ገባኝ» አሉ። እውነትም ገብቷቸው ነበር።

ለምርመራው በባዶ ሆድ ስለሚመጣ ሲያልቅ መክሰስ እንሰጣለን፦ አይብ ያለበት ብስኩትና የፖም ጭማቂ። ሁለተኛ የመጡ ቀን ጾም ነበር፤ ብስኩቱን አይተው በጣታቸው ገፋ አደረጉት። መሳቢያዬ ውስጥ ለራሴ የያዝኩት ቆሎ ነበረኝና አቀረብኩላቸው። ከዚያ ወዲህ የሳቸው ቀን ሲደርስ ቆሎ ገዝቼ እመጣለሁ፣ ጾም ቢሆንም ባይሆንም።

ወሬው ያኔ ነው የሚጀመረው። ስለ አውቶቡሳቸው ያወሩኛል። አዲስ የመጣ ሐበሻ በጃኬቱ ይታወቃል፤ ለዴንቨር ክረምት የማይሆን ስስ ነገር ለብሶ በኩራት ይቆማል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ከሹፌር ወንበር ኋላ ትርፍ ካፖርት ይዘው ይዞሩ ነበር። «ስንቱ ለበሰው፣ ማንም ይዞት አልጠፋም። አንዱ ብቻ ወሰደው፣ እሱም የፓስተር ልጅ ነው» ብለው ይስቃሉ። እያወሩ ቆሎውን አንድ አንድ ፍሬ ይበላሉ። አንዷን ፍሬ አንስተው፣ በሁለት ጣት ይዘው አንድ ታሪክ ይጨርሱና ነው ወደ አፍ የምትሄደው።

ዶሎረስ በር ላይ ቆማ አይታን ነበር። «ያ ሰውዬ በጣም በዝግታ ነው የሚበላው» አለችኝ።

«ጥርሳቸው ይሆናል።»

«ጥርስ አይደለም» አለችና ሄደች።

በክረምቱ አጋማሽ ግፊታቸው ከፍ አለ። አሳርፈን ደገምነው፤ ያው ነው። በሕጋችን መሠረት ለሐኪማቸው ደብዳቤ ተላከ። በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ይበልጥ ከፍ ብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል?»

«አልጀመርኩም።»

ምርመራውን ጨረስኩ፣ ኮታቸውን አቀበልኳቸው፣ ቆሎውን አቀረብኩ። ለረጅም ጊዜ አንድም ፍሬ አላነሱም።

«ማርትዬ» አሉኝ፣ «ያ ሐኪም ኪኒን አዞልኛል። ከፋርማሲ አውጥቼዋለሁ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጀመሩትም?»

«ብጀምረው እዚህ አልመጣማ። አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ?»

«ጋሼ፣ ይሄ ግፊት እኮ ስትሮክ ያመጣል።»

«አውቃለሁ። ጥናቱ ሊያልቅ ጥቂት ወር ነው የቀረው ብለሽኛል። ሲያልቅ እውጠዋለሁ።»

«በወር አንዴ ለሚመጡበት ነገር?»

«ወሩን የምቆጥረው በሱ ነዋ።»

«ሰብለ ታውቃለች?»

«ሰብለ ደክሟት ነው የምትገባው። ምን ልበላት? ለወሬ ብዬ ኪኒን ትቻለሁ ልበላት?» አንድ ፍሬ አንስተው ያዙ። «በኔና ባንቺ መሀል ይቅር፣ ልጄ።»

«አልችልም ጋሼ» አልኳቸው፤ ወጥቼም ዶሎረስን ጠራሁ። በዚህ ላይ የሚያወላዳ ነገር አልነበረም። ዶሎረስ በርጩማዋ ላይ ዝቅ ብላ ተቀምጣ፣ በኔ አስተርጓሚነት፣ ኪኒኑን ዛሬውኑ እንዲጀምሩ ለመነቻቸው። የላቦራቶሪው ዶክተር መጥቶ ጨበጣቸው፣ ከጥናቱ መውጣታቸውንም ነገራቸው። ስብሰባ ስለነበረበት ወዲያው ሄደ።

ጋሽ ወርቅነህ ክራባታቸውን መልሰው ሲያስሩ ብዙ ቆዩ። ክፍሉ ውስጥ መስታወት የለም። ላስተካክልላቸው እጄን ስዘረጋ ራሳቸው ጨረሱት።

«ኪኒኑን ይጀምራሉ አይደል?» አልኳቸው።

«ሥራሽን ነው የሠራሽው፤ አልተቀየምኩሽም» አሉ፤ የጠየቅኳቸውን ግን አልመለሱም። በር ላይ ሲደርሱ ዞሩ። «መለኪያ ማሽን ቤትም አለ፣ ሰብለ ገዝታልኛለች። እሱ አያወራም።»

ከዚያ በኋላ ደውዬ መጠየቅ አልችልም ነበር። ከጥናት የወጣን ሰው የሚከታተለው ሐኪሙ ነው፤ እኔ ስልክ ቁጥሩን ከፍቼ ማየት እንኳ አይፈቀድልኝም። ማሰሪያ በማስርበት ሰዓት፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፦ ዋጡት ወይስ አልዋጡትም?

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስኩ። መጀመሪያ ሁለት ሕጎችን ላስረዳ። የመጀመሪያው የላቦራቶሪው ነው፦ ተሳታፊ በመንገድ ላይ ብታገኝ፣ እሱ ቀድሞ ሰላም ካላለህ እንደማታውቀው ሆነህ ታልፋለህ። ምክንያቱ ተገቢ ነው፤ ሰውየው በጥናት ውስጥ መሆኑን አጠገቡ ያሉ ሰዎች ላያውቁ ይችላሉ። ሁለተኛው የኛ ነው፤ ማንም አልጻፈውም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ታናሽ ታላቁን ሲያገኝ ቀድሞ ሰላም ይላል። ሽማግሌ ቆሞ ሰላምታ አይለምንም።

በረዶው መቅለጥ በጀመረበት አንድ ቅዳሜ፣ ሃቫና ላይ ባለ ትልቅ ገበያ ውስጥ ምስር ከተደረደረበት ፊት ለፊት ተገናኘን። ያን ኮታቸውን ለብሰዋል። አጠገባቸው ጋሪ የምትገፋ ሴት አለች፤ ሰብለ መሆኗን ከመልኳ አወቅኩ። አዩኝ። ጋሪው አለፈ፣ እሳቸው ግን ቆሙ፤ ራሳቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው ጠበቁ። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ። ሰብለ ምን ያህል እንደምታውቅ አላውቅም። አንድ ቃል ከሳቸው ቢወጣ ሮጬ ነበር የምስማቸው። እሳቸው የኔን፣ እኔ የሳቸውን ስንጠብቅ ሰብለ ዞር ብላ «አባዬ፣ ና እንጂ» አለች። አንድ ከረጢት ምስር አንስተው ሄዱ። እኔ ምስር አልገዛሁም፤ ለምን ወደዚያ እንደገባሁም ረስቼ ወጣሁ።

ሰኞ ለዶሎረስ ነገርኳት። የጄሉን ጠርሙስ ከውሃው አውጥታ በፎጣ አደረቀች። «ሕጉ ትክክል ነው» አለችኝ። ቆየት ብላ፣ «ሕጉ ትክክል ሆኖም እንዲህ ይሆናል» አለች።

በዚያው ዓመት ዶሎረስ ጡረታ ወጣች። ኬክ ተቆረጠ፣ ዶክተሩ አጭር ንግግር አደረገ። ጎድጓዳ ሳህኗን ለኔ ተወችልኝ። ከዚያ ጥናቱም አለቀ፤ ዱቄቱ ከባዶው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ብዙ ጥናት እንዲህ ነው የሚያልቀው፣ ይህም ራሱ ዕውቀት ነው፤ ለተማሪዎቼ እንዲህ እላቸዋለሁ። ለላቦራቶሪው የሚሰጠው የምርምር ገንዘብ አልታደሰም። እኔም መናገር የሚያስከፍል ሳይሆን መናገር የሚያስቀጥር ሥራ ፈለግኩና አስተማሪ ሆንኩ። ከተማሪዎች ጋር ቀኑን ሙሉ እናገራለሁ። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደ ሥራ ፈረቃቸው ይሮጣሉ፤ ወንበሮቹን የምሰበስበው ብቻዬን ነው።

ባለፈው መስከረም፣ ተማሪዬ ያን በቀለደች ሰሞን፣ በዚያው ገበያ ጋሽ ወርቅነህን አገኘኋቸው። ሰብለ ገንዘብ ከፋይ ጋ ተሰልፋለች። አሁን የላቦራቶሪው ተቀጣሪ አይደለሁም። ሄጄ ጎንበስ አልኩና «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አልኳቸው።

ቀና አድርገው ሳሙኝ። «ያን ቀን ምን ሆነሽ ነው?»

«ሕግ ነበር ጋሼ። እርስዎ ቀድመው ካላናገሩኝ ላናግርዎ አይፈቀድልኝም።»

«ሽማግሌ ቀድሞ ሰላም ይበል የሚል ሕግ?»

«አዎ።»

«ካፖርቴን ይዞ የጠፋው የፓስተር ልጅ እንኳ ሰላም ሳይለኝ አልሄደም» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያን ቀን መኪና ውስጥ ሰብለ "አባዬ፣ ፊትህ ምን ሆነ?" አለችኝ። ጥፊ የቀመሰ ሰው መስዬ ነበር መሰለኝ። ሁሉንም ነገርኳት። መኪናውን ዳር አስይዛ አለቀሰች። ማታውኑ ኪኒኑን በእጇ አዋጠችኝ። ይኸው ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት እሷ ነች የምትለካኝ። አምስት ደቂቃ ዝም እንላለን፣ ሲለቀቅ እስኪረፍድባት እናወራለን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«አንቺስ? አሁንም ሰው ዝም ታሰኛለሽ?»

አስተማሪ መሆኔን፣ ተማሪዎቼ እርስ በርስ ብቻ እየተለካኩ የሽማግሌ ክንድ ነክተው እንደማያውቁ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ። «ክንድ ከሆነ አለኝ» አሉ።

ሐሙስ ዕለት መጡ፣ በሙሉ ልብስና በክራባት። ጀርባቸውን አስደግፌ፣ እግራቸውን መሬት አስረግጬ፣ ክንዳቸውን በልባቸው ልክ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። ያቺ ከኋላ የምትቀመጠው ተማሪ እጇን አሙቃ መጣች። አምስት ደቂቃ፣ አንድም ሰው አልተናገረም። ከዚያ አሰረች፣ ሞላች፣ ቀስ አድርጋ ለቀቀች። ቁጥሩን ስታነብ ፊቷ በራ፣ አፏንም ከፈተች። በዓይኔ ከለከልኳት።

«ጥሩ ነው አይደል?» አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ እኔን እያዩ።

«ስለመጡ እናመሰግናለን ጋሼ» አልኩ።

«አሁንም አትናገሪማ» ብለው ሳቁ።

ከጠዋቱ ጀምሮ አስቤበት ቆሎ ገዝቼ በሳህን አዘጋጅቼ ነበር። የዶሎረስ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ወንበሬን አስጠጋሁ። ጋሽ ወርቅነህ ግን እጅጌያቸውን እየቆለፉ ተነሡ።

«ሰብለ ፓርኪንግ አጥታ ውጭ መኪና ውስጥ ናት። ጠዋት የጀመርነው ወሬም አላለቀም» አሉ። ከሳህኑ አንድ እፍኝ ዘግነው ኮታቸው ኪስ ጨመሩ። «ለሷ ልውሰድላት፣ ትወዳለች። በይ ደህና ዋዪ፣ ማርትዬ።»

በመስኮቱ አየኋቸው። በሩን ከፍተው ገና ሳይቀመጡ ማውራት ጀምረዋል። መኪናው ሃቫና ላይ ወጣ፣ ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ተሰናብተውኝ ሄዱ። ወንበሮቹን ሰብስቤ የሳቸውን ግን ተውኩት። ቁጭ አልኩበት፣ ጀርባዬን አስደግፌ፣ እግሬን መሬት አስረግጬ፣ እንደማስተምረው። ሳህኑን ወደኔ ስቤ የቀረውን ቆሎ አንድ አንድ ፍሬ በላሁ።